ለእሑድ የማይደማ ድድ

ሰኞ

ትራሱን ገልብጬ ተነሣሁ። ጨርቁ ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ ነበረች። ጌታሁን አላየም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ባሌ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ከዘጠኝ ወር ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ትራሴን ከእሱ ቀድሜ ማየት ልማዴ ሆኗል።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ ነጭ መሐረቤን ድዴ ላይ ጫን አደረግኩት። ሦስት ነጥብ። ያለፈው ሰኞ ሰባት ነበር። ሰው ደመወዙ ሲጨመር ይደሰታል፣ እኔ ደግሞ ነጥቤ ሲቀነስ።

እሑድ የልጄ የሜሮን ሕፃን ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይቆርባል ተብሏል። ተብሏል ነው የምለው፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም። ከቆረበ በኋላም ያን ቀን ምራቁን አይተፋም፣ አፉን አይጉመጠመጥም። የእኔ ድድ ዳቦ ሲነካው ይደማል።

እኔና ጌታሁን በሽማግሌ ተጋብተን፣ ልጅ አሳድገን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው ጋብቻችንን በቁርባን ያሰርነው። ሐሳቡ የእሱ ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ድዴ መድማት ሲጀምር ከቁርባን ቀረሁ፤ እኔ ስቀር እሱም ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ «ምን ያዘሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልተዘጋጀሁም» አልኩት። «ድዴ ይደማል» ብል ኖሮ ሁለት ቃል ነበር። አፌ ይሸታል፣ ጥርሴ ይነቃነቃል ብሎ ለባል መንገር ግን ሞት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱም አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው ስለ መብራትና ስለ ውኃ ነው። እሑድም ከቀረሁ ጌታሁን ስለ እኔ የጀመረውን ሐሳብ ይጨርሳል። ምን እንደጀመረ ባላውቅም ደግ ነገር እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ይታያል።

ከሥራ ስወጣ ከሲኤምሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ። ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም። ዶክተር ሕሊና በሁለት ቀጠሮ ሥር ድረስ ያጠበችውን ድዴን በቀጭን መለኪያ እየነካካች ቁጥር ስትጠራ ነርሷ ትጽፋለች። ድዱ ከጥርሱ ሲላቀቅ በመካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ኪስ ይሉታል። አብዛኛው ኪስ ጠበብ ብሏል። አራት ቦታ ላይ ግን አሁንም ጥልቅ ነው፤ አንደኛው የታችኛው የፊት ጥርሴ ሥር ነው፣ የሚነቃነቀው። «እነዚህን አራቱን ሐሙስ በሌዘር እናግዛቸው» አለችኝ።

«እሑድ እንዳይደማ?»

«ለምን እሑድ፣ እናቴ?» አለች። ጴንጤ ናት፣ ነገሩን አታውቀውም። አስረዳኋት። መለኪያውን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ቃል አልገባልዎትም። ሌዘሩ ረዳት ነው። ዋናው ያደረግነው እጥበትና እርስዎ ቤት የሚያደርጉት ነው» አለች።

ረዳት የሚባል ነገር እኔ ታክሲ ላይ ነው የማውቀው። ወደ ቤት ስመለስም አንዱ ረዳት መልሴን ይዞብኝ ወረደ።

ማክሰኞ

ሁለት ነጥብ።

ትምህርት ቤቱ መዝገብ ክፍል ውስጥ ወላጆች ሲያናግሩኝ እጄን አፌ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ጽጌ «ይኼ ጉንፋን አልለቀቀሽም?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዘጠኝ ወር የቆየ ጉንፋን ብርቅ ነው።

ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ድዴ ንቅሳት አለው። ወሎ ሳለሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ አክስቴ ሁለት ሴቶች አምጥታ አስያዘችኝና በመርፌና በጥላሸት አስነቀሰችኝ። «ድድ ያጠነክራል፣ ከእንግዲህ አይደማሽም» አሉኝ። ሳምንት ሙሉ በአጥሚት ኖርኩ። ግን አምሮብኝ ነበር፣ ይህን ማንም አይክደኝም። ጌታሁን ሽማግሌ ሲልክ ስሜን አያውቅም ነበርና «ድደ ጥቁሯን» ብሎ ነው የላከው። እናቴ ይህን እስክትሞት ትስቅበት ነበር።

ዶክተሯ መጀመሪያ ቀን ያንኑ ጥቁር አይታ «ቀዩን ሸፍኖብዎት ነው» አለችኝ። የሌላ ሰው ድድ ሲታመም ይቀላል፣ ሰውየውም ይደነግጣል። የእኔ ጥቁር ስለሆነ ሕመሙ ከሥሩ ሲሠራ አላየሁትም። ትናንት ደግሞ የሌዘሩ ሙቀት ጥቁር ነገር ላይ ይበረታል፣ ስለዚህ ለእርስዎ ኃይሉን ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራው አለች። ዝቅ ካለ ይሠራል ወይ? ካላለ ያቃጥለኛል ወይ? ንቅሳቱስ ይጠፋል ወይ? ሦስቱንም እዚያው መጠየቅ ነበረብኝ። ጥያቄ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ነው።

ረቡዕ

አልቆጠርኩም። ፈራሁ።

ዶክተሯ ያዘዘችልኝ የአፍ መጉመጥመጫ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ ጠዋትና ማታ። ዛሬ ግን የጾም ቀን ነው፣ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌ ምንም አላስገባም። ብውጠውስ? ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ የጠዋቱን እዘላለሁ። ለዶክተሯ አልነገርኳትም። «ሁለት ጊዜ ይጉመጠመጣሉ አይደል?» ስትለኝ «አዎን» እላለሁ። ለእግዚአብሔር ስጾም ለዶክተር እዋሻለሁ፣ ይህ የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ አላውቅም።

በምሳ ሰዓት ግቢው ጥግ ሄጄ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። ስሸሻቸው ነበር የከረምኩት። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ከደማሽ አይሆንም ልጄ» አሉ። «ካልደማሽ ነይ። ሕመም ነው፣ ኃጢአት አይደለም፣ አትሸማቀቂበት።» ከዚያ «ለጌታሁን ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«አዎን አባ።»

«ነግረሽዋል?» ብለው ደገሙት።

«ነግሬዋለሁ።»

«እንግዲያው ደግ» አሉና ዘጉት። ለምን ሁለት ጊዜ እንደጠየቁኝ አልገባኝም። እስከ አሁን የዚህ ሳምንት ዕዳዬ ይህ ነው፦ ለዶክተር አንድ ውሸት፣ ለንስሐ አባት ሁለት፣ ለጽጌ አንድ ጉንፋን። ለመቁረብ ስል የማልቆርብበትን ምክንያት እያበዛሁ ነው።

ሐሙስ

ሆነ፣ አለቀ። አፌ ግማሹ ደንዝዟል፣ ስጽፍ ምራቄ እንዳይወርድ እጄን አገጬ ላይ አድርጌያለሁ።

ብርቱካንማ መነጽር አደረጉልኝ። እነሱም አደረጉ። ሦስታችን ብየዳ ቤት የገባን መሰልን። ማደንዘዣው ሲገባ ቆነጠጠኝ፣ ከዚያ በኋላ ሕመም የለም ማለት ይቻላል። ዶክተሯ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ነገር ኪሱ ውስጥ እያስገባች ታወጣለች፣ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል። የፈራሁት ሽታው ነው። የተለበለበ ፀጉር ይሸታል፣ የሚለበለበው ደግሞ እኔ ነኝ። የነርሷን እጅ ይዤ ነበር። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም፣ ስንጨርስ ጣቶቿን እያሻሸች ፈገግ አለችልኝ።

«ንቅሳቴስ?» አልኩ በደነዘዘ አፌ።

«አለ። አልነካሁትም ማለት ይቻላል» አለች ዶክተር ሕሊና። መስታወት ሰጠችኝ። አለ። ለዚህ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

የሰጠችኝ ትእዛዝ፦
ዛሬ ትኩስ ነገር የለም።
በርበሬና ሚጥሚጣ እስኪሽር ይቅር።
ከነገ ጀምሮ በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ድዱ ሥር።
ሲቦረሽ ትንሽ ቢደማ አይደንግጡ፣ መቦረሹንም አያቁሙ።

የመጨረሻዋን በእስክሪብቶ አሰመረችባት። ከመውጣቴ በፊት ደግማ አስታወሰችኝ። እኔ ግን «ቢደማ» የምትለዋን ስሰማ ሌላውን አልሰማሁትም።

ዓርብ

አንድ ነጥብ። አንዲት ብቻ፣ እሷም የደበዘዘች። ብሩሹን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ቀን ነው የቀረው። ዝም ያለን ቁስል ማን ይነካካል? ከእሑድ በኋላ እንደፈለገች ትጠይቀኝ፣ ሦስት ጊዜም ቢሆን እቦርሻለሁ። ለእሑድ ግን ሌዘሩ የዘጋውን እኔ በብሩሽ አልከፍትም።

ማታ ጌታሁን ለእሑድ የሚለብሰውን ነጠላ እየተኮሰ ነበር። ራሱ ነው የሚተኩሰው፣ አስተማሪ በነበረ ጊዜም የሱሪውን መስመር ለማንም አያምንም ነበር። ቀና ሳይል «እልፌ፣ እሑድ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«የልጄን ልጅ ክርስትና ትቼ የት እቀራለሁ?»

«ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን አይደለም የምልሽ።»

ድስቱን ልየው ብዬ ተነሣሁ። ድስት አልጣድኩም ነበር። ማእድ ቤት ቆሜ ሳለሁ ድምፁ መጣ። «ካልሆነልሽ ንገሪኝ። አልቆጣም» አለ። የዚህ ሰው «አልቆጣም» ከቁጣው ይከብዳል። አፌን በእጄ ይዤ ብቅ አልኩና «ምንም የሆንኩት የለም» አልኩት። እጄን አየ። ካውያውን ነቀለ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልኩ ነው ያደግኩት። አፍ ውስጥ የሚገባው ግን ዝንብ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ

ምንም። መሐረቡ ነጭ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት፣ መስኮት ጋ ወስጄም አየሁት። ነጭ።

ከጠዋት ጀምሮ ልቤ አላረፈም፣ በደስታም ሰው እንዲህ ይጨነቃል። የበላሁት ገንፎና የቀዘቀዘ ሾርባ ነው። ምላሴን እንኳ ወደ ታችኛው ጥርሴ አላስጠጋም።

ሜሮን ሕፃኗን ይዛ ከቦሌ ቡልቡላ መጣች። እዚሁ ያድራሉ፣ ለነገ ይቀርባል ብለው ነው። ሕፃኗን እቅፌ ላይ አደረገችልኝ፣ እኔም ፊቴን ዞር አድርጌ ያዝኳት። ሜሮን አየችኝ። በኋላ «እማዬ፣ ልጄን ስመሻት አታውቂም» አለችኝ። «አራስ ቤት ሆኜም ጠብቄሽ ነበር። እግሯን ብቻ ነው የምትስሚያት።»

ትንፋሼ እንዳይነካት ነው ማለት አቃተኝ። «ሕፃን ፊቱን አይሳምም» አልኳት። «ድሮ እኔን ስትስሚኝ አይደል ያደግኩት?» አለችና ዳይፐር ልትቀይር ወሰደቻት። እኔ በአንድ ድድ ስንት ሰው አስቀየምኩ?

ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። እስከ ነገ ውኃም የለም፣ መጉመጥመጫም የለም፣ ብሩሽም የለም። ጌታሁንም ከእኔ ጋር እኩል መብላት ሲያቆም አየሁት። ማለት ተስፋ አልቆረጠም። ጌታ ሆይ፣ ነገ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ያዝልኝ።

እሑድ

ሁሉም ወጥተው ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት መሐረቡ ነጭ ነበር። ሕፃኗ ስትጠመቅ ደብሩን በጩኸት አናጋችው። ከዚያ ቅዳሴ። ቆሜ ሳስቀድስ ደስ አለኝ፣ ምናልባት ሌዘሩ ረዳት ብቻ አይደለም ብዬ በልቤ ዶክተሯን ረታኋት።

ሕፃናቱ ቆረቡ። ሜሮን የእኛን ታቅፋ ስትመለስ አየሁ። የወንዶቹ ተራ ጀመረ፣ እኛ ሴቶቹም በወገናችን ተሰለፍን። ነጠላዬን አፌ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ያን ጊዜ ምላሴ ላይ ጨው ጨው አለኝ።

ምራቅ ነው አልኩ። እንደገና አለኝ። የነጠላዬን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገብቼ ድዴን ነካሁበትና አየሁት። ቀይ ነበር፣ ትንሽ፣ እንደ መርፌ ጫፍ።

ማንም አላየም። ዋጥ አድርጌ ብቀጥል የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን አሰብኩ፣ አልደብቅም። ከፊቴ አምስት ሴቶች ነበሩ፣ ከዚያ አራት ሆኑ። ጌታሁን በወንዶቹ በኩል ሦስት ሰው ቀርቶት አንገቱን አዙሮ ሲያየኝ ዓይናችን ተገጣጠመ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ነው። ዘጠኝ ወር ያላየሁት ፊት።

ከሰልፉ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ጽዱ ሥር እስክደርስ ዞር አላልኩም። ስዞር እሱም ወጥቶ ከኋላዬ ቆሟል። ጫማውን በእጁ ይዟል።

«አንተ ለምን ወጣህ? ተራህ ደርሶ ነበር።»

«ምን ሆንሽ?» አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር።

የነጠላዬን ጫፍ አሳየሁት። «ድዴ ይደማል። ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ታክሜ ይደርቃል ብዬ ነበር፣ አልደረቀም።»

ጫፉን ተቀብሎ ብዙ አየው። የተማሪ ፈተና ሲያርም እንደዚያ ነበር የሚያየው። «ይኸው ነው?» አለኝ።

«ይኸው ነው።»

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ጫማውን አጠገቡ አስቀመጠ። «እኔ እኮ በግድ ያስቆረብኩሽ መስሎኝ ነበር። እሺ ያለችኝ ለእኔ ብላ ነው፣ አሁን ተጸጽታለች፣ በቁርባን ስለታሰረች መውጫ አጣች እያልኩ። አልጋ ላይ ጀርባሽን ትሰጪኛለሽ። ሳናግርሽ አፍሽን ትይዣለሽ።»

«እንዳይሸትህ ነው።»

«ጠልታኛለች ብዬ ለንስሐ አባታችን ተናግሬአለሁ።»

እሳቸው ሁለት ጊዜ የጠየቁኝ ለዚህ ነበር። ተንበርክኬ አለቀስኩ። ነጠላው አፌ ላይ አልነበረም፣ ትዝም አላለኝ። ጌታሁን እያየኝ «ድዱን ፈርታ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወደድኩትን ድድ ከእኔ ደበቀችው።» ከዚያ እሱም ዓይኑን በነጠላው ጠረገ።

ቅዳሴው ሲወጣ ንስሐ አባታችን አጠገባችን ደረሱ። ረቡዕ ዋሽቼዎታለሁ አልኳቸው። «አውቄአለሁ» አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ድድሽን ታከሚ፣ ሲደርቅ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ።» ለጌታሁን ምንም አላሉትም፣ ትከሻውን ብቻ መታ መታ አደረጉት።

ቤት ስንደርስ ለሜሮንም ነገርኳት። ሕፃኗን አመጣችና አፍንጫዬ ሥር አደረገቻት። ጉንጯን ሳምኳት።

ሰኞ

ጌታሁን ክሊኒኩ ድረስ አብሮኝ መጣ። ሦስቱን ፎቅ ስንወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ። ማክሰኞ የመጡልኝን ጥያቄዎች ሁሉ እሱ ጠየቀልኝ፣ ሌላ አራትም ጨመረ።

ዶክተር ሕሊና አፌን ከፍታ ገና በመስታወቷ ስታይ «አልቦረሹም» አለች።

«ሦስት ቀን» አልኩ። መዋሸት ሰልችቶኛል። የጾም ቀኑን መጉመጥመጫም ነገርኳት።

አልተቆጣችም። «እድፉ ሲቀመጥበት ነው ድዱ የሚቆጣው። ቢቦርሹ ኖሮ እሑድ አይደማም ነበር አልልም፣ ገና ነው። ግን ሳይቦርሹ ሌዘሩ ብቻውን ምንም አያደርግልዎትም» አለች። ለጾም ቀን የሚሆን ሰዓት አብረን አወጣን። እብጠቱ ቀንሷል። ኪሶቹን እንደገና የምትለካው ድዱ ጥርሱን መልሶ ለመያዝ ጊዜ ሲያገኝ ነው፣ ገና ሳምንታት አሉት። የሚነቃነቀው ጥርሴን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ «ይህን አላውቅም። እንጠብቅ» አለች። አላውቅም ስትል ዶክተሯን አመንኳት።

አመሻሽ ላይ መታጠቢያ ቤት ስገባ በሩን አልቆለፍኩም። ጌታሁን ስልኩን እንደ ባትሪ አብርቶ አጠገቤ ቆመ። ቀስ ብዬ፣ እስከ ሥሩ፣ እንዳለችኝ ቦረሽኩ። የተፋሁት ውኃ ቀላ። ደነገጥኩና ብሩሹን ላስቀምጥ ስል «አያቁሙ ብላለች» አለ። ቀጠልኩ። ሁለተኛው ውኃ ሳሳ ያለ ነበር።

ለሚመጣው እሑድ ይደርቅ አይደርቅ አላውቅም። ጥርሴም ይቆይ አይቆይ አላውቅም። የትራስ ልብሱን ቀይሬአለሁ፣ ነጭ ነው። ነገ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ቢያየው ይየው።